እንጀራ የማይወጣበት ምጣድ

ባለፈው ወር በማኅበራችን ወርኃዊ ውይይት ላይ የቀረበው ርእስ «ዲጂታል ኤኮኖሚና የአገራችን ዘላቂ ልማት» የሚል ነበር። በስብሰባው የነበራችሁ እንደምታስታውሱት ለሁለት ሰዓት የታቀደው ውይይት አራት ሰዓት ፈጅቶ፣ ሻዩም አልቆ፣ የአዳራሹ ዘበኛ ቁልፉን እያንቃጨለ ሲመጣ ሳይቋጭ ተበተነ። ክርክሩን ያጋጋለው የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ያነሡት አንድ ነጥብ ነው፤ ይኸውም ኢትዮጵያ ከወንዞቿ የምታመነጨውን ኤሌክትሪክ ቢትኮይን ለሚያወጡ ኩባንያዎች በዶላር መሸጧ አገራችን ወደ ዲጂታል ኤኮኖሚ ለመግባቷ ዋና ምስክር ነው የሚል ነበር። ሕክምና የምንማረው ደግሞ በአብዛኛው ተቃወምን። ነገር ግን የዚያን ምሽት ተቃውሟችን ከስሜት ያለፈ አልነበረም። ቁጥር ጠየቁን፤ ቁጥር አልነበረንም። ይህን ግለ ሒስ ካደረግን በኋላ፣ በዕለቱ ልንሰጠው ይገባን የነበረውን መልስ እዚህ ላይ እናቀርባለን።

«ዘላቂ ልማት» የሚለው ሐረግ በየመግለጫውና በየፕሮጀክቱ ሽፋን ላይ ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ሐረጉን ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው በተባበሩት መንግሥታት የተቋቋመ ኮሚሽን ሪፖርት ነው። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ሲሆኑ፣ በሙያቸው ሐኪም ናቸው፤ በኋላም ከ1998 እስከ 2003 የዓለም የጤና ድርጅትን መርተዋል። (ይህን የምናነሣው ለሙያችን ለማዳላት አይደለም፤ ጥቂት ግን እናዳላለን።) ከዚያ ሪፖርት ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የመጪውን ትውልድ ዕድል ማጥፋት የለበትም የሚለውን ነው። የሚዘነጋው ግን እዚያው ላይ የተጻፈው ሁለተኛው ሐሳብ ነው፤ ፍላጎት ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የድሆች መሠረታዊ ፍላጎት ማለት እንደሆነና ቅድሚያውም የእነርሱ እንደሆነ ሪፖርቱ በግልጽ ያስቀምጣል። እንግዲህ አንድ የኤኮኖሚ ዘርፍ ዲጂታል ተባለም አልተባለ መመዘን ያለበት በዚህ ነው። የሚወስደው ምንድን ነው? ከማን ይወስዳል? ትቶት የሚሄደውስ ምንድን ነው?

ቢትኮይን ማውጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በውይይቱ ላይ በሚገባ ስላልተብራራ ባጭሩ እንግለጸው። በመላው ዓለም የተበተኑ ማሽኖች አንድ የተወሰነ ቁጥር ለማግኘት ያለማቋረጥ ይገምታሉ። በአሥር ደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል ከመካከላቸው አንዱ ይቀናዋል፤ ለባለቤቱም አዲስ ቢትኮይን ይታሰብለታል። የቀሩት ማሽኖች ያቃጠሉት ኤሌክትሪክ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ግምቱ ለሌላ ለምንም አያገለግልም፤ በሽታ አይመረምርም፣ የአየር ጠባይ አይተነብይም። ሽልማቱ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል በግማሽ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ወደ 3.125 ቢትኮይን ከወረደ ወዲህ አትራፊ ሆኖ ለመቆየት የሚችለው ርካሽ ኤሌክትሪክ ያገኘ ብቻ ነው። የአገራችን ባለሥልጣኖች ሥራውን «ዳታ ማይኒንግ» ይሉታል። የሚቆፈር ዳታ ግን የለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አንድ ዘመናዊ የቢትኮይን ማሽን ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። ይህ ቁጥር እንግዳ ለሚሆንባችሁ፣ አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ሲግል የሚወስደው ኃይል ከዚህ ጋር ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ እናቶቻችን ምጣዱን በሳምንት ሁለት ቀን ጥደው፣ ጋግረው፣ ሶኬቱን የሚነቅሉት መሆናቸው ነው። ይህኛው ምጣድ ሌሊትና ቀን፣ ክረምትና በጋ ሳይነቀል ይግላል፤ እንጀራም አይወጣበትም። በቀን ከ80 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በወጡ ዘገባዎች መሠረት ለኩባንያዎቹ የተቆረጠው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። ሒሳቡን ብትሠሩት አንድ ማሽን ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ውሎ ሲያድር ለአገራችን የሚያስገኘው ሁለት ዶላር ከስልሳ ሳንቲም ያህል ነው።

በሌላ በኩል የክትባት ማቀዝቀዣን እንውሰድ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ለዚህ የሚሠራ አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ በቀን ከ2 ወይም ከ3 ኪሎዋት ሰዓት የበለጠ አይፈጅም። ማቀዝቀዣ፣ ጥቂት አምፖሎች፣ የስልክና የታብሌት ባትሪ መሙያ ለሚያስፈልገው አንድ የገጠር ጤና ኬላ በቀን ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። እንግዲህ አንዱ ማሽን የሚበላው ለአሥር ጤና ኬላ ቢከፋፈል ይተርፋል።

እዚህ ላይ የኮምፒዩተር ተማሪዎቹ በዕለቱ የሰጡት መልስ ዛሬም ጆሯችን ላይ አለ፤ «ኤሌክትሪኩ እኮ ጤና ኬላው ዘንድ አይደርስም! መሥመር የለም። ባይሸጥ ኖሮ ውሃው በከንቱ ይፈስ ነበር።» ይህ ቀላል መልስ አይደለም። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ፣ በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን መሥራት ጀምሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ደርሷል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨውንና በከፍተኛ መሥመር የሚያስተላልፈውን ወደ ቤት የሚያደርሰው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ ቀበሌው ድረስ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከዚህም ብዙው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። የቢትኮይን ኩባንያ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ኮንቴይነሩን ከከፍተኛ መሥመር ማከፋፈያው አጠገብ አስቀምጦ እዚያው ይሰካል፤ ክፍያውንም በዶላር ያደርሳል። ለሚሸጠው መሥሪያ ቤት ከዚህ የሚመች ደንበኛ የለም። ይህንን እናምናለን።

የማናምነው ይህ ምቾት ራሱ ልማት ተብሎ ሲጠራ ነው። መሥመር ስለሌለ ኃይሉ ይሸጥ ከተባለ፣ ከሽያጩ የተገኘው ዶላር መሥመር ሆኖ መታየት አለበት። ከዶላሩ ምን ያህሉ ወደ ገጠር መሥመር ሄደ ብለን በስብሰባው ስንጠይቅ ከአዳራሹ ውስጥ የመለሰልን አልነበረም። እኛም ስንፈልግ ሰንብተን ለሰፊው ሕዝብ በዝርዝር የቀረበ መልስ አላገኘንም። ግድቡ ደግሞ የማንም የግል ሀብት አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከእህሉ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ከላባቸው ቆርሰው ቦንድ የገዙበት ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ አሁንም ኤሌክትሪክ አያገኝም። የሚያገኘውም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ታሪፍ ተደርጎበታል። ቦንድ የገዛው ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ዲጂታል ኤኮኖሚ ድል በሬዲዮ ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ከመካከላችን ሦስታችን ከሁለት ዓመት በፊት ለክረምት እረፍት አገር ቤት ስንሄድ በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ሁለት ሳምንት ቆይተን ነበር። ጤና ጣቢያው መሥመር ገብቶለታል፤ በስታቲስቲክስ ላይ «ኤሌክትሪክ ያለው» ተብሎ የሚቆጠር ነው። በቆየንበት ጊዜ መብራቱ ሁለት ቀን ተኩል ሙሉ ጠፍቶ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት አንዲት እናት ወልዳ ደም አልቆም አላት። አዋላጇ ሲስተር የስልኳን መብራት አብርታ ለአንዳችን አስያዘችን፤ ኦክሲቶሲን ወጋች። ኦክሲቶሲን እንደ ክትባቱ ሁሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ካልተቀመጠ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ማቀዝቀዣው ደግሞ ከነጋ በፊተኛው ቀን ጀምሮ ዝም ብሏል። ሲስተር እጇን ከእናቲቱ ሆድ ላይ ሳታነሣ «ልጆቼ፣ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ እኔ የማውቀው ደሙ ሲቆም ብቻ ነው» አለችን። በዚያ ሌሊት ደሙ ቆመ። በፋርማኮሎጂ መጽሐፋችን ላይ ስለ መድኃኒቱ አቀማመጥ የተጻፈችውን አንድ መሥመር ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ማንበብ አልቻልንም።

ይህ የአንድ ወረዳ ችግር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ በድሃና በዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ አገሮች አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚታከመው አስተማማኝ ኤሌክትሪክ በሌለው ወይም ጨርሶ ኤሌክትሪክ በሌለው ጤና ተቋም ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪቃ ከሆስፒታሎች አስተማማኝ ኤሌክትሪክ ያላቸው ግማሾቹ ብቻ ናቸው። በዚህ ላይ በእንጨትና በኩበት ጭስ የሚታፈነውን ማጀት ጨምሩበት። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። እንጀራ የሚወጣበት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንግዲህ የጤና መሣሪያም ነው።

ጉዳዩን የእኛ ብቻ አድርገን እንዳናየው የጎረቤቶቻችንን ልምድ እንመልከት፤ የምንማረው እዚሁ መካከለኛው ምሥራቅ ስለሆነ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ኢራን ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ሕጋዊ ኢንዱስትሪ ተቀበለች፤ በ2021 የበጋው ሙቀት ሲመጣና ከተሞቿ መብራት ሲያጡ ለአራት ወር ከለከለችው። ኩዌት በሚያዝያ 2025 በአል-ወፍራ አካባቢ በየቤቱ የተደበቁ ማሽኖችን አስሳ ካስነቀለች በኋላ የአካባቢው የኤሌክትሪክ ፍጆታ በ55 በመቶ መቀነሱን መንግሥቷ ገልጿል። ነዳጅ የሚፈልቅባት ኩዌት! ቻይናም በ2021 ማሽኖቹን ከአገሯ አባረረች። ብዙዎቹ ወደ ካዛኽስታን ተሰደዱ፤ ካዛኽስታንም ኃይል አጥሯት በጥር 2022 መሥመራቸውን ቆረጠች። በ2024 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 ኩባንያዎች ጋር መዋዋሉና ከሁለቱ በቀር ሁሉም የቻይና መሆናቸው ሲዘገብ፣ ስደተኞቹ ማሽኖች ወዴት እንደ መጡ ግልጽ ሆነ። በ2025 ደግሞ የእኛው መሥሪያ ቤት የተረፈ ኃይል ስለሌለ አዲስ ፈቃድ አልሰጥም አለ። እንግዲህ «በከንቱ የሚፈስ ውሃ» የተባለው ክርክር ዕድሜው ይህን ያህል አጭር ነበር።

ትተውት የሚሄዱትስ? አንድ ማሽን ጥቂት ዓመት ከሠራ በኋላ ከአዲሶቹ ጋር መወዳደር አይችልም። ለዚያች አንዲት ግምት ብቻ የተሠራ ስለሆነ ለትምህርት ቤትም ሆነ ለቢሮ አይውልም፤ ቆሻሻ ነው። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 የተጣለው የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ በሥርዓት ተሰብስቦ እንደገና ሥራ ላይ የዋለው ከሩብ ያነሰው መሆኑ ተመዝግቧል። አፍሪቃውያን በ1991 በባማኮ የተፈራረሙት ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ወደ አኅጉራችን እንዳይገባ ይከለክላል። ማሽኖቹ ግን የሚገቡት ቆሻሻ ሆነው ሳይሆን ዕቃ ሆነው ነው፤ ቆሻሻ የሚሆኑት ከገቡ በኋላ ነው። ቢትኮይኑም እዚያው አይቀርም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በእንዲህ ያለ ገንዘብ መገበያየት በአገራችን ያልተፈቀደ መሆኑን አስጠንቅቋል። ምርቱ በሽቦ ይወጣል፣ ትርፉም አብሮት ይወጣል። ጥሬ ቡና ሸጠን የተቆላውን ስንገዛ የኖርነውን የሚያስታውስ ጥገኛ ኤኮኖሚ ነው። ቡናው እንኳ ገበሬውን ያሠራል፤ በኮንቴይነሮቹ ዙሪያ ያለው ሥራ ግን ለጥበቃና ለጥቂት ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚሆን ብቻ ነው።

በመሆኑም የዲጂታል ኤኮኖሚ ጠላቶች ተደርገን እንዳንቆጠር። (ደግሞም በ2024 ስንቶቻችን በመኝታ ቤታችን ተጋድመን ሐምስተሩን ለማበልጸግ የስልክ መስታወት ስንደበድብ እንዳደርን እናውቃለን፤ ፈተናም ነበረብን።) በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች አሉት። ምጥ ለያዛት እህቱ የመኪና ኪራይ ከአዲስ አበባ በደቂቃ ውስጥ የሚልክ ሰው ይህን ጥቅም እኛ እንድንነግረው አይጠብቅም። ወደ አርባ ሺህ ለሚጠጉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰቡን መረጃ በታብሌት እንዲመዘግቡ የተጀመረው ሥራም ትልቅ ነገር ነው። ነፍሰ ጡሯ የምርመራ ቀኗ ሲያልፍ፣ ሕፃኑ ክትባቱ ሲቀርበት ታብሌቱ ያሳስባል። ነገር ግን ባትሪው ሲያልቅ ሠራተኛዋ ወደ ወረቀቱ ትመለሳለች፤ መሥመር ሲመጣ ደግሞ ያንኑ እንደገና በታብሌት ትጽፋለች። ሥራዋ በእጥፍ ሆነ ማለት ነው። አንዱ ዲጂታል ኤኮኖሚ 80 ኪሎዋት ሰዓት ያቃጥላል፤ ሌላው ዲጂታል ኤኮኖሚ ታብሌት የሚሞላ ሶኬት ያጣል። የተቃወምነው ይህንን ነው።

የሚበላውም ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሰው ጭንቅላት አንድ ነገር ብለን እንለፍ። ናይሮቢ ውስጥ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ የሚወጡ የግድያና የጭካኔ ሥዕሎችን እያዩ ሲያጣሩ የነበሩ ሠራተኞች፣ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ይሠሩ የነበሩ ወገኖቻችን ጭምር ያሉበት ጉዳይ፣ ፍርድ ቤት ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ እንደቀረበው ከ140 በላይ የሚሆኑት ተመርምረው ከደረሰባቸው ድንጋጤ የተነሣ ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ታውቋል። የሀብታም አገር ስክሪን ንጹሕ ሆኖ የሚታየው በዚህ ዋጋ ነው። ወደ አእምሮ ሕክምና ለመግባት የምታስቡ ጓደኞቻችን ይህን መዝገብ ብትከታተሉት መልካም ነው።

እነዚህን ሁሉ ይዘን ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅተናል። ማሽኖቹ ነገ ይነቀሉ አንልም፤ የተፈረመ ውል አለ፣ ዶላሩም ያስፈልጋል። የምንለው ውሎቹ ለሕዝብ ይገለጹ፣ የሚያበቁበትም ጊዜ ይታወቅ፣ ሲያበቁም የጤና ተቋማት፣ የትምህርት ቤቶችና የማጀቱ ፍላጎት ሳይሟላ አይታደሱ ነው። ከሚገኘው የውጭ ምንዛሪ የተወሰነ ድርሻ ለገጠር መሥመርና መሥመር ለማይደርስባቸው ጤና ኬላዎች ለፀሐይ ኃይል መሣሪያ ተለይቶ ይመደብ፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ይታተም። ኩባንያዎቹ ማሽን ሲያስገቡ አሮጌውን ለሚያስወጡበት መያዣ ገንዘብ ያስቀምጡ። ውሳኔው ካለፈ በኤምባሲው በኩል ለሁለቱም የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቶችና ለጤና ሚኒስቴር ይላካል። መልስ ካልመጣም መልስ አለመምጣቱን በዚሁ መጽሔት እናወጣለን።

በማኅበራችን ካዝና ካለፈው የባህል ምሽት የተረፈ ገንዘብ እንዳለ ይታወቃል። ገንዘቡ ለእግር ኳስ ቡድናችን ማልያ እንዲውል የቀረበ ሐሳብ አለ። እኛ ደግሞ ለአንድ ጤና ኬላ የፀሐይ ማቀዝቀዣ መግዣ መነሻ እንዲሆን እንጠይቃለን። በዚህ ነጥብ ላይ ሕክምና ከሚማሩትም መካከል የተከፋፈልን መሆናችንን አንደብቅም፤ በረኛችን የሕክምና ተማሪ ነው።

የኮምፒዩተር ተማሪዎቹ በቁጥራችን ላይ ስሕተት ካገኙ በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉ ገጹ ክፍት ነው፤ ያስተካከሉትን እንቀበላለን። ውይይቱ በመጪው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዚያው አዳራሽ ይቀጥላል። ዘበኛውን እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት እንዲታገሡን ለምነናቸዋል። ሻይ የማፍላቱ ተራ በዚህ ጊዜ የእነርሱ ነው።